ያነበብኩለት ማስጠንቀቂያ

ጀጎል ውስጥ፣ ከፈላና በር ብዙ በማይርቅ አንድ ግቢ፣ ሦስት ተከራዮች የቀበሌ ቤት ይዘን እንኖር ነበር። አንደኛዋ እኔ ነኝ፣ ከትንሿ ልጄ ጋር። ሁለተኛዋ ብቻቸውን የሚኖሩ ሐረሪ አሮጊት ነበሩ፤ እማማ እላቸው ነበር። ሦስተኛው የሁለታችንንም እንቅልፍ የነሳን ሰውዬ ነው።

የጋራውን ሽንት ቤት በራሱ ቁልፍ ይቆልፍብናል። ከሰዓት ጓደኞቹን ሰብስቦ ሲቅም ይውልና በኋላ በራችንን በእርግጫ ይመታል። አንድ ቀን እማማ ከቧንቧ የቀዱትን ውሃ ከእጃቸው ቀምቶ ደፋባቸው። «ቀበሌ ሄዶ የከሰሰኝን እግሩን ነው የምሰብረው» ይል ነበር። ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ከእኔ በፊት እዚያ ቤት የነበረውን ተከራይ ክንዱን ሰብሮታል። በጣም እፈራው ነበር። ኮቴውን ስሰማ ልጄን ጎትቼ ወደ ውስጥ አስገባት ነበር።

በመጨረሻ ለቀበሌው ቤቶች አስተዳደር ማመልከቻ ጻፍኩ። እማማ «ተዪው ልጄ፣ ለአላህ ስጪው» ብለውኝ ነበር። እኔ ግን ሳምንት ሙሉ ጨቀጨቅኳቸው፤ ብቻዬን ከሆንኩ የግል ጠብ ነው ይሉኛል ብዬ። ለምኜ፣ ለምኜ፣ ከፊርማዬ ሥር በአውራ ጣታቸው አስፈረምኳቸው። እኔ ደግሞ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ ግልባጭ የሌለው ደብዳቤ ደብዳቤ አይመስለኝም። ስለዚህ ማመልከቻውን «የሚወሰደው እርምጃ ግልባጭ ለእኛም እንዲደረግልን» ብዬ ዘጋሁት። እንዲያውም ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ጅል!

ኃላፊው መጀመሪያ «በሽምግልና ጨርሱት» አለን። ስንመላለስበት ጊዜ ማስጠንቀቂያ እንደሚጽፍለት፣ ስማችንም እንደማይወጣ ቃል ገባልን።

ቅዳሜ ጠዋት የቀበሌው ተላላኪ ደብዳቤውን ለሰውዬው ሰጥቶት ሄደ። ጥቂት ቆይቶ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት እሱ ነው፣ ወረቀቱን ይዞ። ሰውዬው ማንበብ አይችልም። ከግቢው ፊደል የቆጠርኩት እኔ ብቻ ነኝ።

«እህቴ፣ እስቲ ምን እንደሚል አንብቢልኝ» አለኝ፣ ቀስ ብሎ።

አነበብኩለት። ጎረቤት ማወኩን ካላቆመ የኪራይ ውሉ እንደሚቋረጥ ይላል። ማህተሙ ጋ ስደርስ ዓይኔ ወደ ታች ወረደ። «ግልባጭ» ይላል፤ ከሥሩ የእኔ ስም ከነአባቴ፣ ቀጥሎ የእማማ። ልክ እንደለመንኩት!

«አለቀ» አልኩት።

«አላለቀም» ብሎ በጣቱ ነካው። «ከማህተሙ ሥር ሁለት መስመር አለ። የከሰሱኝ ሰዎች ናቸው አይደል?»

ልጄ ከኋላዬ ቀሚሴን ይዛለች። የመጀመሪያውን መስመር «ለመዝገብ ቤት» ብዬ አነበብኩ። ሁለተኛውን እንዳለ አነበብኩት።

ወረቀቱን ተቀብሎኝ አጣጠፈ። ግቢውን አቋርጦ የእማማን በር በመዳፉ አንዴ መታው። «ሰኞ እዚህ እንዳላገኝሽ!» አለ። የእናቱ እኩያ ናቸው። በሩ አልተከፈተም። እኔም በሬን ዘጋሁና በጀርባዬ ደገፍኩት።

እሑድ ዘመዶቻቸው መጡ። ባጃጁ ጠባቡ መንገድ ውስጥ ስለማይገባ ዕቃቸውን በእጅ እያወጣን ወደ ፈላና በር ወሰድን። እኔም አንድ ጥቅል ተሸክሜ አብሬያቸው ሄድኩ። መንገድ ላይ ልነግራቸው አሰብኩ።

«እማማ፣ አንድ ነገር...»

«ሰምቻለሁ» አሉኝ። «ወላሂ ከበሩ ኋላ ቆሜ ነበር። ሁለታችን ፈርመን የእኔ ስም ብቻ ተጠራ።» ጥቅሉን ከእጄ ተቀበሉኝ። «ግዴለም፣ አንቺ ልጅ አለሽ። አላህ ይጠብቃችሁ።»

ቢረግሙኝ በቀለለኝ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሰውዬው ቧንቧው ጋ አገኘኝ። «እህቴ፣ እንዴት አደርሽ?» አለኝ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንተስ?» አልኩት።