እማማን ያዘዝኩበት ቀን

ጣኢፍ ውስጥ ከስፔናውያን ቤት ተቀጥሬ ስሠራ የመዳም እናት ከአገራቸው መጡ። ከስፓኒሽ በቀር ምንም አያውቁም። መዳም በተሰባበረ አረብኛዋ ቁርጡን ነገረችኝ፤ እስከ ረመዳን መጨረሻ ከእናቷ ጋር ከተግባባሁ እሳቸውን እየተንከባከብኩ እቀራለሁ፤ ካልሆነ ቋንቋውን የምታውቅ ሌላ ሴት ትመጣለች። ያን ቤት ማጣት አልፈለግኩም። በሁለት ዓመት አራት ቤት ቀይሬ ሻንጣ መሸከም አንገፍግፎኝ ነበር።

እማማ ነበር የምላቸው። ኩሽና ውስጥ ያስተምሩኝ ጀመር። ሽንኩርት እያቀበሉ "ቴ ላ ዶይ" ይላሉ፤ እሰጥሻለሁ ማለት ነው፣ ሽንኩርቷም እዚያው ውስጥ አለች። ተቀባዩንም ዕቃውንም በአንድ ግስ ላይ ይደራርባሉ፤ በካርቱም ሳልፍ እንዳየሁት፣ ሰውም ጆንያም ጭኖ እንደሚሮጥ ባለሦስት እግር ረክሻ። መጀመሪያ አሳቀኝ፣ ቀጥሎ አናደደኝ፣ በሦስት ሳምንት ግን እሰጥዎታለሁ እያልኩ ማቀበሉን ተካንኩት።

ችግሩ "ይስጡኝ" ማለቱ ነበር። ወሎ ነው ያደግኩት፤ ትልቅ ሰው አላዝም። የምፈልገውን ማንኪያ እማማ ከያዙት፣ እስኪያስቀምጡት እጄን አጣምሬ እቆማለሁ። እሳቸው ደግሞ አልገባትም ብለው ለልጃቸው ነገሯት።

"ኢንቲ ማ ፋህማ፣ አይገባሽም" አለችኝ መዳም።

ወላሂ ደሜ ፈላ። ገብቶኛል እኮ! አፌ ነው እምቢ ያለኝ።

ረመዳን ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው፣ መዳም ሳሎን ውስጥ ስልክ እያወራች ሳለ፣ እማማ ኩሽና ውስጥ የደም ግፊት ኪኒናቸውን ከብልቃጡ አውጥተው ወደ አፋቸው ሲወስዱ አየሁ። የቀኑን ኪኒና ጠዋት በእጄ ሰጥቻቸዋለሁ፤ ረስተውታል። ይሉኝታዬ የት እንደገባ አላውቅም። መዳፌን ዘርግቼ ጮህኩ።

"ዴሜላ! ያ ሴ ላ ዲ!"

ይስጡኝ፣ ሰጥቼዎታለሁ አልኳቸው፤ እሳቸውንም ኪኒናዋንም ግሱ ላይ መጫን ሳልረሳ። እማማ ደነገጡ። ትንሽ አዩኝና ኪኒናዋን መዳፌ ላይ አኖሯት።

ዞር ስል መዳም በሩ ላይ ቆማለች።

"ኸላስ፣ በቃ፣ ሌላ ሴት አልፈልግም" አለች።

እልልታዬን አቀለጥኩት። እማማ ምላሳቸውን እያወዛወዙ ሊከተሉኝ ሞከሩ፤ የወጣው ግን ሳል ነው። ከት ብዬ ሳቅኩና ወንበር ሳብኩላቸው።

"ይቀመጡ! እንደገና ይሞክሩ!" አልኳቸው በገዛ ቋንቋቸው።