አባባ በፈቃዳቸው ወደ ናኩራ ተመለሱ

ከጉለሌ እስከ ደሴ

ንጉሡ ወርደው ደርግ ሥልጣን በያዘ በመጀመሪያው ታኅሣሥ፣ ከአባቴ ጋር ከጉለሌ ተነስቼ ቀይ ባሕር ላይ ወዳለችው ወደ ናኩራ ደሴት ተጓዝኩ። አባቴ አቶ ደምሴ ግንበኛ ናቸው። ከዊንጌት እስከ ጳውሎስ ባለው ሰፈር የእሳቸው እጅ ያላረፈበት የድንጋይ አጥር ጥቂት ነው። በጣልያን ወረራ ጊዜ፣ ገና ጎረምሳ ሳሉ፣ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው ሲወርዱ ተያዙ። የአንድ መኮንን በቅሎ ጠፍታ ኖሮ "የሰረቅካት አንተ ነህ" ተባሉ። ዳኛም ምስክርም አልነበረም። በካሚዮን ተጭነው ጣልያን የእስረኛ ማጎሪያ ወዳደረጋት ደሴት ተላኩ፤ እንግሊዞች ምጽዋ እስኪገቡ ድረስ እዚያው ድንጋይ ሲፈልጡ ኖሩ።

እኛ ልጆቻቸው የምናውቀው ይህንኑ ብቻ ነበር። ስለቀረው ስንጠይቃቸው "በቃ፣ ሙቀት ነበር" ብለው ያልፉታል። በዚያ ሰሞን ግን ራት እየበላን ሳለ ድንገት፣

"ስንዱ፣ ናኩራ ውሰጂኝ" አሉኝ።

"እዚያ ምን አለ አባባ?"

"ሳሊሕ የሚባል ዓሣ አጥማጅ ነበር። በእኔ ምክንያት ሞቶ እንደሆን ማወቅ አለብኝ።"

አውቶቡሳችን ከመርካቶ ጎህ ሲቀድ ወጣ። ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ እጅ ያደነዝዝ ስለነበር ትኩስ ሻይና አምባሻ ገዝተን መኪናው ውስጥ በላን። ጣርማበር ዋሻ ስንገባ ተሳፋሪው ሁሉ የጣልያንን ሥራ ሲያደንቅ አባባ በመስኮቱ የድንጋዩን ግድግዳ እያዩ፣ "ይሄንንም የፈለጠው እንደኔ ያለ ሰው ነው" አሉ። ሲመሽ ደሴ ደረስን። ከአውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ቅቅል በልተን እዚያው አደርን።

በወሎ ሜዳ

በማግሥቱ ረሃብ ባዶ ያደረጋቸውን መንደሮች እያየን ወደ ሰሜን ስንጓዝ አባባ ሳልጠይቃቸው ማውራት ጀመሩ።

"ቅጣቱ ውሃ ነበር" አሉ። "የዘበኞቹ ጉድጓድ ሙሉ ነው፤ ተቆልፏል። ለእኛ በቀን አንድ ጣሳ ነው፣ እሱም ጨው ጨው ይላል። ደክሞት የተቀመጠ ሰው ይገረፋል፤ ተገርፎ ያልተነሳ እንጨት ላይ ታስሮ ፀሐይ ላይ ይውላል። ስንቱን እዚያ ቀበርን መሰለሽ።"

ሳሊሕ የደሴቷ ሰው ነበር። እስረኞቹ ድንጋይ በሚፈልጡበት ቦታ፣ በቋጥኞቹ መሃል፣ ውሃ የሞላ የፍየል አቁማዳ ደብቆላቸው ይሄዳል። አንድ ቀን ተያዘ። አዛዡ እስረኞቹን ሰብስቦ አለንጋውን ለአባባ ሰጣቸውና "ግረፈው" አለ።

"ምን አደረጉ?" አልኳቸው።

"ጣልኩት። አለንጋውን መሬት ላይ ጣልኩት።" መዳፋቸውን ገልበጥ አድርገው አዩት። "ሌላ ሰው ገረፈው። እኔን እንጨቱ ላይ አሰሩኝ። ሳሊሕን ደሙ እየፈሰሰ ወደ ጀልባ ሲጎትቱት አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ ያየው የለም። አለንጋውን ተቀብዬ ቀስ ብዬ መትቼው ቢሆን ይተርፍ ነበር ይሆን? እያልኩ ነው የኖርኩት።"

 ክንዳቸውን ይዤ ተቀመጥኩ።

አስመራና ምጽዋ

አስመራ ስንገባ ኬላው ላይ ወታደሮች ሻንጣችንን ሁለት ጊዜ ፈተሹ። በየግድግዳው "ኢትዮጵያ ትቅደም" ተጽፏል፤ ሰዉ ግን ቶሎ ቶሎ እየተራመደ ወደ ቤቱ ይገባ ነበር። ፓስታ በልተን አድረን፣ ጠዋት ሊቶሪና በምትባለው የሞተር ባቡር ተሳፍረን በዚያ ሁሉ ገደል እየተጠማዘዝን ወደ ምጽዋ ወረድን። በወረድን ቁጥር ልብስ እየቀነስን፣ ከባቡሩ ስንወርድ አባባ በሸሚዝ ብቻ ቀርተው ነበር።

የወደቡ ሹም ወጣት መኮንን ነው። ገና ሳንቀመጥ፣ "ደሴቶቹ ላይ ሲቪል አይሄድም። ጊዜው ጥሩ አይደለም" አለን። እኔ ልለምን አፌን ስከፍት አባባ ቀደሙኝ።

"ልጄ፣ መጀመሪያ ስሄድ በሰንሰለት ነው የወሰዱኝ። ትሄዳለህ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ዛሬ በራሴ ፈቃድ መጥቻለሁ። አንተ፣ የአገሬ ልጅ፣ ትመልሰኛለህ?"

 መኮንኑ ከወንበሩ ተነስቶ አባባን አስቀመጠና፣ "ነገ ጠዋት ጀልባ አገኝልዎታለሁ። ከነገ ወዲያ ግን እዚህ እንዳላይዎት" አለ።

ናኩራ

ያሻገረን ኢድሪስ የሚባል አማርኛ የሚችል ባሕረኛ ነው። ጀልባዋ ሞተር አላት፤ ማዕበሉ ግን አባባን አጥወለወላቸው። ደሴቷ ስትታይ ራሳቸውን ቀና አደረጉ። ዛፍ የሌላት፣ ነጭ፣ ከውሃው እምብዛም ከፍ ያላለች ምድር ነች። ለመውረድ እጄን ስዘረጋላቸው "ተይኝ" ብለው ጫማቸውን አወለቁና በእግራቸው ውሃውን አቋርጠው ወጡ። 

የመንደሯ ቤቶች በተጠረበ ነጭ ድንጋይ የተሠሩ ናቸው። አባባ የመጀመሪያው ግድግዳ ጋ ቆመው በእጃቸው ዳሰሱት።

"የእኛ ድንጋይ ነው" አሉ።

ኢድሪስ መንደርተኛውን ጠይቆ፣ "እውነታቸውን ነው። ጣልያን ሲሄድ እስር ቤቱን አፍርሰው ቤትና መስጊድ ሠሩበት ይላሉ" አለን።

አባባ ዞር ብለው፣ "ሳሊሕ የሚባል ሰው…" ብለው ሳይጨርሱ ከመስጊዱ ጥላ ስር አንድ ጎባጣ ሽማግሌ ተነሳ። ቀረብ ብሎ ዓይኑን አጨንቁሮ አያቸው። ናኩራ ላይ እስረኛ ሁሉ በአገሩ ስም ነበር የሚጠራው።

"ጉለሌ!" ብሎ ጮኸ።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተቃቅፈው አሸዋው ላይ ተቀመጡ። አባባ ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሳሊሕ እያለቀሰም እየሳቀም ያወራል፤ ኢድሪስ ይተረጉምልናል። ያኔ ምጽዋ ወስደው አስረውት ኖሮ የተፈታው እንግሊዞች ሲገቡ ነው።

"አንተን እንጨቱ ላይ ታስረህ ትቼህ ሄድኩ" አለ ሳሊሕ። "በእኔ ውሃ ምክንያት ሞተ እያልኩ ስጸልይልህ ኖሬያለሁ።"

አባባ ግንባሩን ሳሙት።

ከሰዓት በኋላ ወደ ማጎሪያው ፍራሽ ሄድን። የአዛዡ ቤት ጣሪያው ወድቆ ፍየሎች ይተኙበታል። ከጀርባው የድንጋይ ክምሮች አሉ፤ መቃብሮቹ ናቸው። አባባ እዚያ ቆመው የጓደኞቻቸውን ስም ከነአገራቸው አንድ በአንድ ጠሩ። እሳቸው "ነፍስ ይማር" ሲሉ ሳሊሕ መዳፉን ዘርግቶ ዱዓ ያደርጋል። ስሙ የጠፋቸው አንድ ሰው ነበር። ሳሊሕ አስታወሳቸው።

ከዚያ የሳሊሕ ልጆች የተጠበሰ ዓሣና እንስራ ሙሉ ውሃ ይዘው መጡ። አዛዡ ቆሞ ያስገርፍበት የነበረው ደረጃ ላይ ቁጭ ብለን በላን። አባባ ጠግበው፣ ውሃቸውን ጠጥተው ተነሱ። እኔ ሊሄዱ መስሎኝ ነበር። ምርኩዛቸውን ሽቅብ አነሱና፣

"ዘራፍ! ዘራፍ ጉለሌ! አልገረፍኩም! አልሞትኩም! ወንድሜም አልሞተም!" ብለው ፎከሩ።

ደሴተኞቹ ቃሉን አያውቁትም። ነገሩን ግን አወቁት፤ ሴቶቹ እልል አሉ፣ ሳሊሕም ከነጉብጠቱ ዱላውን ይዞ አብሮ ዘለለ።

ጉለሌ

ቤታችን ስንደርስ ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ ጠበቀን። ያ "ሙቀት ነበር" ብሎ የሚያልፍ ሰው ከምሳ እስከ ማታ አወራ። እኔ የታሪክ አስተማሪ ነኝ፤ ተማሪዎቼን የጨካኞቹን ስም ነበር የማስጠናቸው፤ ከእንግዲህ አቁማዳውን ደብቆ የሄደውንም ሰው አስተምራለሁ።

ሲመሽ ጎረቤታችን ባለሱቁ ሐጂ፣ "እነዚያ አሳሪዎችህስ፣ ከእነሱ የቀረ ነገር አገኘህ?" አሏቸው።

"ምንም የለም" አሉ አባባ፣ ፊታቸው እያበራ። "ሳሊሕ ግን አለ።"