ቁርሳችሁን ከማን ገዛችሁ?

አቃቂ በሰቃ ስለ ኤች አይ ቪ የማኅበረሰብ ውይይት አወያይ በነበርኩበት ጊዜ እንደኔ ስብሰባ የሚጨበጨብበት የትም አልነበረም። ቅዳሜ ከሰዓት አሥራ አምስት ሰዎች እድሩ አዳራሽ ይሰበሰባሉ። እኔ ከሥልጠና ያመጣሁትን ደብተር ገልጬ፣ «ቫይረሱ በደሙ ያለበትን ሰው ማግለል ተገቢ ነው?» እላለሁ። አንዱ ይነሳል፤ እድሉ ስለተሰጠው ያመሰግንና ተገቢ አይደለም ይላል። ቀጣዩ የቀደመውን ተናጋሪ ይደግፋል። ይጨበጨባል። በቀበሌ ስብሰባ የለመድነው ይኸው ነበር። ሪፖርቴ ላይ «ሞቅ ያለ ውይይት ተካሂዷል» ብዬ ስጽፍ ቅንጣት አላፍርም ነበር።

ከሚያጨበጭቡት አንዷ ማለዳ በራቸው ላይ ለፈረቃ ሠራተኞች አምባሻ የሚሸጡ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ሴት ነበሩ። ሦስት ልጆች የሚያሳድጉት በዚያ ነው። የቫይረሱን መድኃኒት መጀመራቸውን ራሳቸው አዳራሹ ውስጥ ከተናገሩ ወዲህ ግን ገዢ ጠፋ። «ከዚህ ወር በኋላ አልጋግርም» ብለውኛል።

አንድ ቅዳሜ ስንበተን ከምድር ባቡር ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ መልሱን እያወቅሽው ለምን ትጠይቂናለሽ? እኛም እኮ አንቺ የምትወጂውን ነው የምንመልስልሽ» አሉኝ።

ተናድጄ ሦስት ቀን አኮረፍኳቸው። በአራተኛው እውነታቸውን መሆኑ ገባኝና እትዬ ቤት ሄጄ ምን ልጠይቅ እንዳሰብኩ ነገርኳቸው። «ጠይቂ እንጂ፣ ከዚህ በላይ ምን ይመጣብኛል» አሉ።

ቅዳሜ ደብተሩን ቤት ትቼ መጣሁ።

«ዛሬ ቁርሳችሁን ከማን ገዛችሁ?»

ለእድሉ ያመሰገነ አልነበረም። በመጨረሻ አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ «ከማዶው ዳቦ ቤት» አለ።

«ለምን?»

«ሚስቴ ትፈራለች።»

«አንተስ?»

«እኔም» አለ መሬት መሬት እያየ።

ከዚያ ማን ያቁማቸው! ሲያቦኩ እጃቸው ቢቆረጥስ? እሳቱ አይገድለውም? በምግብ እንደማይተላለፍ መቶ ጊዜ ሰምተዋል፤ የሚፈሩትን ግን ማንም ጠይቋቸው አያውቅም። ሆድ ይፍጀው ብለው የተዉትን ሁሉ አወጡት፤ ተከራከሩ፣ ተቆጡ፣ ሳቁም። እኔም የማውቀውን እየመለስኩ ደስ ብሎኝ ሳለ እትዬ እጃቸውን አነሱ።

«አንቺስ ልጄ፣ ከማን ገዛሽ?»

ፊቴ ጋለ። «ከማዶው» አልኩ። «እኔም ሁልጊዜ ከማዶው ነው።»

ማንም አላጨበጨበም፣ ማንም አልወቀሰኝም። ሽማግሌው ብቻ ፈቀቅ ብለው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። እንደዚያ ቀን ያፈርኩበት፣ እነዚያንም ሰዎች እንደዚያ የወደድኩበት ቀን የለም።

ሰኞ ማለዳ ከሥራ በፊት እትዬ በር ላይ ደረስኩ። ትሪው ባዶ ነው።

«አልቋል» አሉኝ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ። «አንቺ ጥያቄ ስታዘጋጂ ሰዎችሽ ቀደሙሽ። ነገ ማልደሽ ነይ።»