ባሕር ውስጥ የጸደቀው ባሕር ዛፍ

ዛሬ ጠዋት አለቃችን ዶክተሩ ራሱ ባሕሩ ዳር ጭቃው ድረስ ወርዶ አየ። እማዬና አሮጊቷ ቢቢ የተከሉት ችግኝ ቅጠል አውጥቷል፤ የእሱ ቀጥ ያለ ረድፍ ግን እንደተሰካ ክብሪት ደርቆ ቆሟል። ሥራው አይዘጋም፣ እኛም በሞያሌ በኩል ወደ አገር አንመለስም። ከደስታዬ ብዛት ጽሑፌ ቢጣመም ይቅር በሉኝ። ደግሞ አይጣመምም፤ ዘንድሮ በየቀኑ እየጻፍኩ እጄ ለምዷል።

ከጊዳ አያና ተፈናቅለን ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር በአንዲት ክፍል ከከረምን በኋላ ነው፣ ኬንያ ባሕር ዳር የምትኖረው አክስቴ ኑ ያለችን። የሄድን ለት አከራያችን አዴ ጫልቱ በር ድረስ ወጥተው «ነጋን ገላ»፣ በሰላም ግቡ ብለው ሸኙን። እማዬ አላለቀሰችም። የመናኸሪያውን ጭቃ ከጫማዋ እየጠረገች «አብሽሪ» አለችኝ፤ እኔ ግን እስከ ባኮ አለቀስኩ።

አክስቴ በስልክ ሥራው ባሕር ዛፍ መትከል ነው ብላን ነበር። እማዬ መንገዱን ሙሉ ስትበሳጭ መጣች። «ምንጫችንን የጨረሰውን ዛፍ? አሁን ደግሞ ባሕሩን ሊያደርቁት ነው?»

ለካስ አክስቴ ስም አጥታለት ነው። ማንግሮቭ ይባላል፤ የአገሬው ሰው ምኮኮ ይለዋል። ሥሩን ጨው ውሃ ውስጥ ነክሮ ይኖራል፣ ሥሩ መሀል አሳና ሸርጣን ያድጋል። ድሮ ዳርቻውን ሞልቶት ነበር አሉ፤ ቆርጠው ቆርጠው ጨረሱት። ሙቀቱንስ አታንሱት፤ የነቀምቴን ዝናብ በጣሳ ቢልኩልኝ እጠጣው ነበር። ምግባቸው ኡጋሊ ነው፤ ቅቤ የተነፈገ ገንፎ በሉት።

ዶክተሩ የፕሮጀክቱ አለቃ ነው። ችግኙን በገመድ እየለካ ባሕሩ ፊት ለፊት፣ ፎቶ የሚያምርበት ቦታ አስተከለን። ቢቢ በአገሬው ቋንቋ አያቴ ማለት ነው፤ እዚያው ጭቃ ላይ ሸርጣን ስትለቅም ያረጀች የአገሬው ሴት ናት። እዚያ ውሃ ይተኛል አለች። ምኮኮ የሚወደው ውሃው ገብቶ ሲወጣለት ነው፤ ከኋላ መንገድ ሲሠራ በተደፋ አፈር የተዘጋውን ቦታ ክፈቱለት አለች።

ዶክተሩ በአክስቴ አስተርጓሚነት «ማስረጃ አላት?» ብሎ አስጠየቀ።

«እግሬ» አለች ቢቢ።

ሳቀባት። እሱ እግሩን ከምንጣፍ ውጪ የት አውቆት።

እማዬ ግን ገባት። በወለጋ ክረምት በቆሎዋን ከውሃ ስታድን የኖረች ሴት ቦይ ማውጣት ማን ያስተምራታል? የተዘጋውን ቦታ ስጡን ብላ አስጠየቀች። ውሰዱት አለ፤ ካልጸደቀ ግን ሥራው ይዘጋል፣ ሁላችሁም ወደመጣችሁበት። እማዬና ቢቢ ያለ ቋንቋ፣ በእጅ ምልክት እየተጨቃጨቁ ቦዩን ቆፈሩ፣ ተከሉ።

ዶክተሩ በሁለቱም ቦታ መለኪያ የተሰመረበት እንጨት አቆመ። ፀሐዩ ስለበዛበት ውሃው ስንት ሰዓት ሞልቶ ስንት ሰዓት እንደሚጎድል እንድጽፍ ለእኔ ደብተር ሰጠኝ። በየቀኑ ጻፍኩ። በእሱ በኩል ውሃው ችግኙን አስጥሞ ይውላል፤ በእኛ በኩል ገብቶ ይወጣል። እውነቱን ልናገር፣ እንጨቱ ባይኖር ቢቢን የሚያምናት አልነበረም።

ዛሬ ዶክተሩ ደብተሬን ገልጦ ገልጦ «ችግሩ የውሃ ቆይታ ጊዜ ነው» አለ፣ ልክ እሱ እንዳገኘው።

ቢቢ ምን አለ ብላ ጠየቀች። አክስቴ አንቺ ያልሽውን ነው አለቻት።

«ታዲያ ዶክተር የሚሉት ለምንድን ነው?»

እኔም ያችኑ የትምህርት ቤት እንግሊዝኛዬን አሰባስቤ «ሪፖርቱ ላይ የቢቢ ስም ከላይ ይጻፍ» አልኩት። ከዚያ እስክሪብቶዬን ተበድሮ ስሟ እንዴት እንደሚጻፍ እኔን ጠየቀኝ።

ቢቢ ለሰዎችሽ ንገሪልኝ ብላለች፤ የሚከፈት ቦታ ገና ብዙ ነው። የሚቀጥለው ተከላ ጨረቃዋ ስትሞላ፣ ውሃው ርቆ በሚሸሽበት ቀን ነው። በሞምባሳም በማሊንዲም ያላችሁ የአገሬ ልጆች አሮጌ ልብስ ለብሳችሁ ኑ። ከጊዳ አያና በኩል የምትመጡ ካላችሁ ግን ወሬ ይዛችሁ ኑ፤ እማዬ ሰላምታውን ሳታስጨርሳችሁ ማሳችንን ማን እንደሚያርሰው ትጠይቃችኋለች።