ለመምህሩ የላክሁት ሽማግሌ

የልጄ ልብስ በአንሶላ ተቋጥሮ ከበሩ ኋላ ተቀምጧል። ጠዋት ቤት ስጠርግ መጥረጊያው ነካውና ፈትቼ አየሁት፦ የሥራ ቀሚሷ፣ ነጠላ ጫማዋ፣ አንድ ብርድ ልብስ። የትምህርት ወረቀቷ ግን አልጋው ሥር ተወርውሯል።

ልጄ ዩኒቨርሲቲ እርሻ ትማር ነበር፤ የመጨረሻ ዓመቷ ላይ ደርሳለች። ውሃ ቀድታ ስትገባ ያዝኋት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ወርቅ ቁፋሮ ልሄድ ነው፣ እማ። ጓደኞቼ በዚህ ሳምንት ይሄዳሉ።»

ያን ቁፋሮ አውቀዋለሁ። የጎረቤቴ ልጅ ጉድጓድ ተንዶባት እግሯን ተሰብራ ነው የመጣችው። መንገዱም በዚያ ሰሞን በጸጥታው ምክንያት አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። ልጄ ከሄደች አትመለስልኝም ብዬ ፈራሁ።

«ትምህርቱስ?»

«ትምህርቱ እኔን አልፈለገኝም» አለችና ወረቀቱን ከአልጋው ሥር አውጥታ እጄ ላይ ጣለችው።

የመመረቂያ ጽሑፏ ነው። እኔ እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው የተማርሁ፤ ጽሑፉ ደግሞ እንግሊዝኛ ነው። ቢሆንም ቀይ እስኪርቢቶ ለማየት መማር አያስፈልግም። ከዳር እስከ ዳር ተሰርዟል፣ ተከቧል፣ ጥያቄ ምልክት ቆሞበታል።

«መጨረሻ ላይ ምን ይላል?»

«እንደገና ይሠራ።»

«ምኑ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ!»

«መምህርሽን ምን አድርገሽው ነው እንዲህ የተቆጣ?»

«ምንም!»

«ሄደሽ ጠይቂው እንግዲያ።»

«መምህርን ለምን አረምከኝ ብዬ? ነውር አይደል እንዴ!»

ነውርነቱ እንኳ ልክ ነው፤ እንዲያ ብዬ ያሳደግኋት እኔው ነኝ። እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ሲቀየም ፊት ለፊት አይጠየቅም፣ ሽማግሌ ይላክበታል። እኔም ላክሁ። የሰፈራችንን ሼህና አጥር የምንጋራቸውን የበርታ ብሔረሰብ አዛውንት ለመንሁ፤ ጋቢያቸውን ደርበው በማግሥቱ ከእኔ ጋር ባጃጅ ላይ ወጡ። ለልጄ አልነገርኋትም።

የዩኒቨርሲቲው በር ላይ ጥበቃው ከላይ እስከ ታች አየንና ሳቀ። «ሽማግሌዎች፣ የማንን ልጅ ልትጠይቁ ነው?»

«አስታርቀን እንመለሳለን» አሉ ሼሁ።

«ተማሪና መምህር? አቦ፣ ግቡ፣ ይሄንንስ ማየት ነበረብኝ።»

መምህሩ ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው። ሁለት ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎችና አንዲት እናት ቢሮው ሲገቡ ብድግ አለ። ሼሁም እንደ ወጉ «መምህር፣ በልጃችን ጉዳይ ነው የመጣን» ብለው ስሟን ሲጠሩ ፊቱ አመድ መሰለ።

«እኔ… እናቴ፣ ወላሂ ምንም አላደረግሁም! ከክፍል ውጭ አግኝቻት እንኳ አላውቅም!»

አዛውንቱ እጃቸውን አነሱ። የእሳቸው አማርኛ በበርታ አፍ የተገራ ነው። «መምህር፣ አትፍራ። ልጅ ጥሩ ነው፣ እኔ ያውቃል። አንተ ወረቀት ላይ ተቆጣ። ለምን?»

ወረቀቱን ከዘንቢሌ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። መምህሩ አየው፣ እኛን አየ፣ ትንፋሹን ለቆ ተቀመጠ።

«እኔ አልተቆጣሁም፣ እናቴ። አልተቀየምኋትም። እንዲያውም ጎበዝ ናት።»

«ጎበዝ ናት? ይሄንን የት ላይ ጻፉላት?» አልሁት።

ገለበጠ፣ ገለበጠ። የትም የለም።

«የማርመው ክምር ነው» አለ ዝግ ብሎ። «ስህተቱን እያየሁ እሄዳለሁ። ደህናውን ዝም ብዬ አልፈዋለሁ።»

«ዝም ማለት ለእሷ ማባረር ነው፣ መምህር» አልሁት። «ወርቅ ቁፋሮ ልትሄድ ልብሷን ቋጥራለች።»

ይሄኔ ነው የደነገጠው። ሼሁ ደግሞ ሁለቱ ሳይገናኙ አንነሳም አሉ፤ እርቅ ተበዳይና በዳይ ፊት ለፊት ካልተቀመጡ እርቅ አይባልም። ደወለላት። ልጄ በሩን ከፍታ እኛን ስታይ ሻሿን ፊቷ ላይ ጎተተች።

«እማ! ሽማግሌ ላክሽ? ለመምህር?!»

«ላክሁ። ቁጭ በይ።»

መምህሩ ቀዩን እስኪርቢቶ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ወረቀቱንም ገለበጠውና «እስኪ እሱን ተይው። ምን ልትዪ ፈልገሽ ነበር? በአማርኛ ንገሪኝ» አላት።

መጀመሪያ አንገቷን ደፋች። ኋላ ግን ወጣላት። ስለ ማንጎ ነበር የጻፈችው። ነጭ የማንጎ ተባይ ቅጠሉን እንደ ዱቄት እንደሚለብሰው፣ ፍሬው ላይ ቀይ ነጠብጣብ እንደሚያወጣ፣ ነጋዴም እንዲህ ያለውን እንደማይወስድ፤ እኛ ግቢ ቅርንጫፉ የተገረዘው ዛፍ ካልተገረዘው ለምን እንደተሻለ ማወቅ እንደፈለገች። እጇ ሁሉ ይናገር ጀመር።

«ይሄ ወረቀቱ ላይ የት አለ?» አላት።

«የለም።»

«ለምን?»

«እናቴ ግቢ ያየሁት ነገር ጥናት ይባላል እንዴ? መጽሐፍ ላይ የሌለውን ምን ብዬ ልጻፍ?»

መምህሩ ጠረጴዛውን መታ። «ጥናቱ የሚጀምረው ከዚያ ነው እኮ! እኔ ሁሉ ቦታ ‹ግልጽ አይደለም› ያልሁት ይሄን ፈልጌ ነው።»

«እንዲያ ብለው አልጻፉም» አለች ልጄ። እኔ ደነገጥሁ። መምህር ፊት መልስ ስትሰጥ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

«አልጻፍሁም» አለ። ቀጥሎም ከዚያ ሁሉ ቀይ ውስጥ ለይቶ አሳያት፦ ይሄ የፊደል ስህተት ነው፣ ይሄም፣ ይሄም፣ በኋላ ይደረስበታል። ዋናው የመጀመሪያው ገጽ ነው፤ ጥያቄሽን እዚያ ጻፊው፤ እሱን ብቻ ይዘሽ ሐሙስ ነይ። ሌላውን አትንኪ።

ሼሁ ዱዓ አደረጉ። አዛውንቱ መምህሩን ትከሻውን መታ መታ አድርገው «አሁን ሰላም ነው» አሉት። ስንወጣ ጥበቃው «ጥሎሹ ስንት ሆነ?» ብሎ ጮኸብን።

ልጄ መንገዱን በሙሉ አላናገረችኝም። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ «ሽማግሌ ላኪዋ» እያሉ ሲያሾፉባት ሰንብተዋል። ይሹፉ። እኔ አላፍርም። ከወራት በኋላ ወጣቱ መምህር ገበያ ላይ አግኝቶኝ «እናቴ፣ አሁን ወረቀት ላይ መጀመሪያ ደህናውን ነው የምጽፍ፣ ከዚያ አንድ ጥያቄ» አለኝ። ብዙ ልጆች ሐሙስ ሐሙስ ይመጡበታል አሉ። ለወጉ መረቅሁት። ሰው ምኑ እንደጎደለ ብቻ ከተነገረው ይሸሻል፤ ቀጥሎ የሚይዘውን ካሳዩት ግን ይሠራል። ይሄን ለማወቅ ዲግሪ አላስፈለገኝም፣ እሱም ዲግሪውን ይዞ አልናቀኝም።

ልጄ በተባለው ሐሙስ ሄደች። ወረቀቱ እንደገና ተጽፎበት ተመለሰ። አየሁትና ወደ እሷ ዞርሁ።

«ደግሞ?»

«እማ፣ ይሄ እኮ ጥያቄ ነው። ‹ያልተገረዙት ዛፎች ጥላ ነው ያላቸው ወይስ ፀሐይ?› ይላል።» ይህን ብላ መልሴን ሳትጠብቅ ወደ ጎረቤት ግቢ ሮጠች፤ በቀርከሃው አጥር በኩል ከአዛውንቱ ጋር ስለ ዛፍ ስትከራከር ሰማኋት። ጓደኞቿ ያን ሳምንት ወደ ቁፋሮው ሲነሱ ደውለው ጠሯት። ስልኩን ጆሮዬ ሥር ነበር ያነሳችው።

«አልመጣም። ሥራ አለብኝ» አለቻቸው።

ጽሑፏ አልፎላት ተመረቀች። ልጄ አልሄደችም፤ እዚሁ አጠገቤ ናት። አሁን አልፈራም። አልሐምዱሊላህ፣ ተርፈናል።