ለካፒቴኑ የተሰጠው በትር

የጋሽ ያደታ ጉዲሳ ሹክሹክታ ከአቃቂ ድልድይ እስከ ገበያው ይሰማል ይባላል። ሠላሳ አንድ ዓመት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የሽመና ማሽን ጠግነዋል፤ በዚያ ጫጫታ መሐል «መፍቻ አቀብለኝ» ማለት የለመደው ጉሮሮ፣ እሳቸው ጡረታ ሲወጡ አብሯቸው አልወጣም። በእድር ስብሰባ ማይክ የሚሰጣቸው የለም። ለቅሶ ቤትም በር አጠገብ ነው የሚያስቀምጧቸው፤ አንድ ቀን ጎናቸው ላለ ሰው ቀስ ብለው «ሟቹ እኮ ንፉግ ነበር» ቢሉ፣ የሟች ሚስት ከጓዳ ሆና «እውነትዎን ነው» ብላ መልሳላቸዋለች።

ሚስታቸው ካረፈች ወዲህ ከልጃቸው ከትንቢትና ከአባታቸው እህት ከቢፍቱ ቱፋ ጋር ይኖራሉ። ግቢዋ ከተማው ሳይደርስ አያታቸው ኦቦ ቱፋ ያርሱት ከነበረው መሬት የተረፈች ቁራጭ ናት። አክስታቸውን ቤተሰቡ ሁሉ አዳዳ ይላቸዋል። ዘጠና አራት ዓመታቸው ነው፤ እግራቸው እምቢ ብሏል፣ ምላሳቸው ግን እንደ ጥንቱ ነው።

አምና ጥር ላይ ከወረዳው ባህል ጽሕፈት ቤት አቶ ሳህሌ የሚባል ሰው ደብዳቤ ይዞ መጣ። ደብዳቤው ከጣሊያን ነው። ትንቢት ቃሊቲ አንድ የዕቃ አስተላላፊ መሥሪያ ቤት ስለምትሠራ እንግሊዝኛውን እያነበበች ትተረጉም ጀመር።

በ1929 ዓ.ም. አንድ የጣሊያን ካፒቴን ከኦቦ ቱፋ ቤት ቦኩ፣ ማለትም የአባቶችን የሥልጣን በትር ወስዶ ነበር። የልጅ ልጆቹ በትሩን ለአንድ ትንሽ ሙዚየም ሰጡት። ሙዚየሙም ባለፈው ነገር ተጸጽቶ ለባለቤቶቹ ቤተሰብ ሊመልሰው ወስኗል።

ጋሽ ያደታ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ወዲያው ትንቢት ማንበቧን አቋረጠች።

«ምነው?»

«አባዬ፣ የሚመልሱት በውሰት ነው ይላል። ለአምስት ዓመት።»

«የአያቴን በትር ለኔ ያውሱኛል?»

«ከአምስት ዓመት በኋላ ማመልከቻ ካስገባህ ሊራዘም ይችላል።»

ጋሽ ያደታ ትንሽ አሰቡና፣ «በሬዬን የሰረቀኝ ሰው ለአንድ ቀን እርሻ ሊያውሰኝ መጣ በለኛ» አሉት ሳህሌን። ሳህሌ ጫማውን አየ።

ደብዳቤው ሁለተኛ ገጽም ነበረው። በትሩ በባዶ እጅ አይነካም። የሚቀመጥበት ክፍል ሙቀት ከሃያ ዲግሪ አይበልጥም። አጠገቡ ምግብ አይበላም፤ ፀሐይ አያየውም። ጋሽ ያደታ በቆርቆሮ ጣሪያቸው ሥር ቆመው ላባቸውን ጠረጉ። በሰፈሩ ሙቀቱ የሚታዘዝ ቤት ቢያስሱ ቢያስሱ የተገኘው የፈቀደ ሥጋ ቤት ማቀዝቀዣ ብቻ ነው። ፈቀደም ደግ ሰው ስለሆነ አንዱን ጥግ ለመልቀቅ ተስማማ። «ብቻ ዓርብና ረቡዕ ይሁን፣ በፍስክ ቀን አይመቸኝም» አለ።

ቀኑ ደረሰ። የወረዳው አዳራሽ ባነር ተሰቀለበት። ከሙዚየሙ የመጣችው ዶክተር ሎሬዳና የምትባል፣ አርባዎቹን የጨረሰች ቀጭን ሴት ናት። ሕፃን እንደያዘች እናት አንድ የእንጨት ሳጥን አቅፋ ገባች። መድረክ ላይ ወጥታ አሥር ደቂቃ ያህል ተናገረች፤ ትንቢት ተረጎመች። ይህ በትር የአንድ ሕዝብ ትዝታ ነው አለች። ጫፉ ላይ ያለው ጥቁር እድፍ በላቦራቶሪ ተመርምሮ ገብስና ቅቤ ተገኝቶበታል፤ ይህም አባቶች ለፈጣሪ ያቀርቡት የነበረው መሥዋዕት ቅሪት ነው አለች።

ከኋላ የተቀመጡት እናቶች «ገብስና ቅቤ» ሲባል ቀና አሉ።

ዶክተሯ ለጋሽ ያደታ ነጭ ጓንት ሰጠቻቸው። ማሽን ሲፈታ የኖረ ጣታቸው እስከ ግማሽ ገብቶ ቆመ። በዚያው እጃቸውን እንደ ካህን ዘርግተው ቀረቡ። ሳጥኑ ተከፈተ።

ውስጡ ክንድ የሚያህል የጠቆረ እንጨት ተኝቷል። አንዱ ጫፍ ጠፍጠፍ ያለ፣ በአንድ ጎኑ የተበላ ነው። ጋሽ ያደታ አዩት። ጎንበስ ብለው ደግመው አዩት። ከዚያ ወደ ልጃቸው ጆሮ ጠጋ ብለው፣ ማንም እንዳይሰማ ተጠንቅቀው በሹክሹክታ፣

«ትንቢት፣ ይሄ እኮ የገንፎ ማማሰያ ነው» አሉ።

አዳራሹ ሰማ። ውጭ የቆመው የባጃጅ ሹፌርም ሰማ። የኋላዎቹ እናቶች ተነሥተው ወደ መድረኩ ተንጠራሩ። አንዷ፣ «እውነትም። ያውም ግራኝ ሴት ያማሰለችበት፤ አበላሉን እዩት» አለች። ሌሎቹ በዕውቀት ራሳቸውን ነቀነቁ።

ዶክተሯ ወደ ትንቢት ዞር ብላ «አባትሽ ምን አሉ?» አለቻት።

«በጣም ልባቸው ተነክቷል።»

«ሰዉ ለምን ይስቃል?»

ትንቢት መውጫ አጣችና እውነቱን ነገረቻት። ዶክተር ሎሬዳና አልተቆጣችም። ይልቅ ለታመመ ሰው እንደሚታዘነው አዘነች። «ቅርሱ የተወሰደበት ሕዝብ ትዝታውም አብሮ ይወሰድበታል። ጥፋቱ የኛ ነው፣ ይቅርታ» አለች። «ስለዚህ በትር ግን አርባ ገጽ ጥናት ተጽፏል።»

«ስለ ማማሰያ አርባ ገጽ?» አሉ ጋሽ ያደታ።

«ገብሱና ቅቤውስ ታዲያ?» አለች ዶክተሯ።

«ገብስና ቅቤማ ገንፎ ነው፣ ልጄ።»

አንዱም ለሌላው የሚበገር አልሆነም። አቶ ሳህሌ ባነሩን አየ፣ የታዘዘውን ለስላሳ አየ፤ በመጨረሻ አንድ ሐሳብ መጣለት። ያን ዘመን በዓይናቸው ያዩ አዳዳ ቢፍቱ አሉ፣ ለምን እሳቸው አይጠየቁም?

መኪና ወደ ሰፈሩ ቅያስ አይገባም። ስለዚህ ሳጥኑ ባጃጅ ላይ ተጫነ። ዶክተሯ እንዳይንገጫገጭ ስለለመነች ባጃጁ በሰው እርምጃ ይሄዳል፤ እሷ ነጭ ጓንት አድርጋ በአንድ ጎን ደግፋ፣ ጋሽ ያደታ በሌላው ጎን፣ እናቶቹ ከኋላ። ከየአጥሩ ብቅ ያለው ሰው ጥሎሽ የሚሄድ መስሎት እልል አለ።

አዳዳ ቢፍቱ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠዋል። ሳጥኑ ሲከፈት ዶክተሯ «ጓንት» እስክትል እንኳ አልጠበቁም፤ እንጨቱን በባዶ እጃቸው ብድግ አደረጉት። በግራ እጃቸው አንድ ጊዜ በአየር ላይ አማሰሉና ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

«የእናቴ ነው። ዳሲቱ ግራኝ ነበረች።»

ከዚያ ትንቢት እየተረጎመች ነገሩን እንዲህ ብለው አወሩት፤

«ስድስት ዓመቴ ነው። ካፒቴኑ ከነወታደሮቹ መጣ። ከጎረቤት ጋሻና ኮርቻ ወስዷል። አስተርጓሚ የለውም፤ ‹ቦኩ፣ ቦኩ› ብቻ ነው የሚለው። አባቴ ቤት የለም። እናቴ ገንፎ እያማሰለች ነበር። ሰውዬውን አየችው፣ እኔን አየችኝ። ከዚያ ማማሰያውን ከድስቱ መዘዘችና በቀሚሷ ጠረገችው፤ ሳመችው። ደረቷ ላይ ለጥፋ ‹አልሰጥም› ብላ አለቀሰች። ሲጎትታት እንደገና አለቀሰች። በመጨረሻ በሁለት እጇ ሰጠችው። ካፒቴኑ ቆቡን አውልቆ እጅ ነሣት።»

«እርግጠኛ ነዎት? በጣም ሕፃን ነበሩ እኮ» አለች ዶክተሯ።

«ገንፎው ሳይማሰል ቀርቶ ጓጎለ። ያንን የጓጎለ ገንፎ የበላሁት እኔ ነኝ። እሱን የሚረሳ ሰው አለ?»

ዶክተር ሎሬዳና ዱካ ላይ ተቀመጠች። «አርባውን ገጽ ስድስት ዓመት ፈጅቼ የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለች በቀጭን ድምፅ። ጋሽ ያደታ ጠጋ አሏት። ሴትዮዋ ስድስት ዓመት ሙሉ የአያታቸውን ማማሰያ ስታጠና ኖራለች፤ ከዘመዶቻቸው መሐል እንኳ ይህን ያህል ለዳሲቱ የደከመ የለም። «አይዞሽ ልጄ፣ ካፒቴኑን የሚያህል ሰውዬም ተሸውዷል» ብለው አጽናኗት፤ ሦስት ቤት አልፎ ያለ ውሻ ጮኸ።

ዶክተሯ ግቢው ጥግ ቆማ ለአለቃዋ ደወለች። ስትመለስ ፊቷ ግራ እንደተጋባ ነው።

«ቦኩ ካልሆነ የውሰት ውሉ ፈርሷል ብለዋል። የወጥ ቤት ዕቃ በቅርስ መዝገባችን ውስጥ አይገባም። ስለዚህ የናንተ ነው፤ ውሰዱት።»

«ለሁልጊዜ?» አሉ ጋሽ ያደታ።

«ለሁልጊዜ።»

«ሙቀቱስ? ጓንቱስ?»

«ለማማሰያ አያስፈልግም።» ጓንቷን አወለቀችና ኪሷ ከተተች። ጋሽ ያደታ የራሳቸውን ለማውለቅ ታገሉ፤ ትንቢት ጎትታ አወጣችላቸው።

ቦኩ ሳለ በውሰት፣ ማማሰያ ሲሆን በነፃ። ይህን ነገር ጋሽ ያደታ እስከ ዛሬ በእድር ስብሰባ ያለ ማይክ ይናገሩታል።

አዳዳ እንግዳ በባዶ ሆድ አትሄድም ብለው ገንፎ አዘዙ። ጋሽ ያደታ ራሳቸው ወጥ ቤት ገቡ፤ የመጣውን ማማሰያ አጥበው ሊጠቀሙበት ሲሉ ዶክተሯ ሮጣ ያዘቻቸው። በየዓመቱ ነቀዝ እንዳይበላው መርዝ ሲረጭበት ኖሯል፤ ለሰው ምግብ አይሆንም። ጋሽ ያደታ እንጨቱን አሸተቱና ፊታቸውን አጨማደዱ። ሰማንያ ምናምን ዓመት ተጠንቅቀው አስቀምጠውት፣ የሚሠራውን አንድ ሥራ እንዳይሠራ አድርገው መለሱት። ገንፎው ከገበያ በተገዛው ማማሰያ ተማሰለ።

ዶክተር ሎሬዳና የመጀመሪያው ጉርሻ ላንቃዋን አቃጠላት። ሁለተኛውን እፍ እያለች፣ «እሺ፣ እውነተኛው ቦኩስ የት አለ?» ብላ ጠየቀች።

ትንቢት ተረጎመች። አዳዳ ሰሙ። «ብዪ፣ ይቀዘቅዛል» አሉ።

ትንሽ ቆይታ ደግማ ጠየቀች። አዳዳ ቅቤ ጨመሩላት።

ሦስተኛ ልትጠይቅ አፏን ከፍታ ነበር፤ አሮጊቲቱን አየቻቸውና ማንኪያዋን ከተተችበት። ሁለት ሳህን በላች። ስትሄድ የአዳዳን እጅ ሳመች፤ አዳዳም ግንባሯን ሳሟት።

እንግዶቹ ሲወጡ ጋሽ ያደታ ዱካቸውን ሳቡና ከአክስታቸው አጠገብ ተቀመጡ።

«አዳዳ፣ የምርዎን ንገሩኝ። የት ነው ያለው?»

«አንተ እዚህ ግቢ ስንት ዓመት ኖርክ?»

«ስልሳ ስምንት።»

«ስልሳ ስምንት ዓመት ሳትጠይቀኝ ዛሬ ምን አስጠየቀህ?»

ጋሽ ያደታ አሰቡ። «ፈረንጇ ስላነሣችው ይሆናላ።»

«በል እሷ ሄዳለች» አሉ አዳዳ። «ይልቅ ጥላው ደረሰብኝ፤ ወደ ፀሐይ አዙረኝ።»

ጋሽ ያደታ ተነሥተው ወንበሩን ከነአክስታቸው አንሥተው ወደ አጥሩ አዞሩት። አዳዳ ቢፍቱ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አድርገው ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳቸው።