ከቁርባን በፊት የታኘከ እሸት

ንጉሡ ደብረ ታቦር ላይ ከሰፈሩ ወዲህ፣ እኛ በጉና ግርጌ የምንኖር ገበሬዎች ድካማችን በእንቅልፍ አይወጣልንም ነበር። ገብሱ ሲደርስ ወታደሩም ይደርሳል። አንዱን አብልተን ሸኝተን ሳንቀመጥ ሌላው ከደጅ ሆኖ "ቤቶች!" ይላል። በሬዎቼ ከስተዋል፤ እኔ ከበሬዎቼም የባስኩ ነኝ፤ ጥርሴም ግማሹ እኔን መጠበቅ ሰልችቶት ጥሎኝ ሄዷል።

ባለቤቴ ያን ዓመት የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አብረን እንድንቆርብ። የተጋባነው በሰማንያ ነው። በሰማንያ የተጋባ ሰው ሲመረው ሽማግሌ ጠርቶ፣ ዕቃውን ተካፍሎ ይለያያል። ሥጋ ወደሙ የተቀበሉ ባልና ሚስት ግን መፋታት የለባቸውም፤ አንዱ ቢሞት እንኳ ሌላው አያገባም። ስለዚህ በአገራችን ሰው የሚቆርበው ወይ ሕፃን ሳለ ነው፣ ወይ ደሙ ሲቀዘቅዝ። እኔ ደግሞ ደሜ ገና ነው እያልኩ ዓመት ከዓመት አስተላለፍኩ። ማን ሊያገባኝ እንደሆነ እግዜር ይወቅ! ስነሣ ጉልበቴ ሲንቋቋ ጎረቤቴ እንጨት የምሰብር ይመስለው ነበር።

በዚያ ክረምት ሳል ያዛት። ክረምቱ ሲወጣ ሳሉ አልወጣላትም። አንድ ቀን ሊጥ እያቦካች ሳለች ቀና አለችና፣

"አንቱ ሰውዬ፣ ይኼን እርሾ ከሊጡ ለይተው ያወጡልኛል?" አለችኝ።

"ምን ሆንሽ? ከገባ ወዲያ ማን ያወጣዋል?"

"እኔም ከጌታዬ ጋር እንደዚህ መሆን እፈልጋለሁ። ብቻዬን ደግሞ አይሆንልኝም፤ ባል አለብኝ።"

ባል አለብኝ ያለችው ሳል አለብኝ በምትልበት ድምፅ ነው። እሺ አልኩ።

የንስሐ አባታችን በልጄ ዕድሜ ያለ ቄስ ነው። እርሱ እኔን "ልጄ" ይለኛል፣ እኔ "አባቴ" እያልኩ ጉልበቱን እስማለሁ። ቀኖና ሰጠን፤ ጾመን፣ እንደ አቅማችን ሰግደን ጨረስን። እሑድ እንድንቆርብ ተቆረጠ። ከዋዜማው ጀምሮ እህልም ውኃም በአፋችን አልዞረም።

እሑድ ገና ወገግ ሲል ነጭ ለብሰን ወጣን። ቤተ ክርስቲያኑ ኮረብታው ላይ ነው፤ መንገዱ በገብስ ማሳዬ ዳር ያልፋል። በአንድ እጇ ምርኩዟን፣ በሌላው ትከሻዬን ይዛ፣ ጥቂት እንሄድና እንቆማለን፤ ደግሞ ጥቂት እንሄድና እንቆማለን። አንዴ ቆማ ትንፋሿን ስትሰበስብ፣ እጄ የለመደውን አደረገ። ገበሬ ከእሸት ዳር ሲቆም እጁ ባለቤቱን አያማክርም። አንድ ዛላ ቀነጠስኩ፣ በመዳፌ አሸሁ፣ እፍ አልኩ፣ ደርሶ እንደሆን ልየው ብዬ ወደ አፌ ወረወርኩ።

ሲንኮሻኮሽ ሰማችው።

"ምን እያኘኩ ነው?"

"ጸሎት ነዋ።"

"እስቲ አፍዎን ይክፈቱ።"

ከፈትኩ። ገለባው ምላሴ ላይ ተለጥፏል።

"ውጠዋል?"

"ግማሹን።"

ወደ ማሳው ዞረች። "ደርሷል?" አለች።

"ሳምንት ይቀረዋል።"

ከዚያ መንገዱ ዳር ቁጭ ብላ አለቀሰች። ለቅሶውን እንኳ ሳሉ አላስጨረሳትም።

ደጀ ሰላሙ ላይ ለቄሱ የሆነውን ነገርኩት። ሳቁን በመቋሚያው ሊደግፍ ሞከረ።

"አባቴ፣ የበላሁት እኔ ነኝ፤ እርሷን አቁርቡልኝ። የዛሬ ሳምንት ላትደርስ ትችላለች።"

ሳቁ ጠፋ። "አይሆንም ልጄ። አንድ ሥጋ ናችሁ። እኩሉ በልቶ፣ እኩሉ ጾሞ እንዴት ይቆረባል?"

በዚያ ዘመን መምህራኑ ስለ ጌታ ባሕርይ ሲከራከሩ ብዙ ጊዜ ቆሜ ሰምቻለሁ፤ አንዱም አልገባኝም፣ ከክርክሩ ይዤ የተመለስኩት የእግር ሕመም ነው። ያን ጠዋት ግን በእኔ ጥርስ የእርሷ ጾም ሲሻር አየሁ። የእኔ ገብስ እርሷ ዘንድ ከደረሰ፣ ከክርስቶስ ጋር አንድ ስሆን የእርሱ ቅድስና እኔ ዘንድ ሊደርስ ነው ማለት ነው፤ ያላደረግሁት ጽድቅ የእኔ ሊባል ነው። ይኼን ራሴ ማሰቤ ገረመኝ፤ ራሴ ከዚያ በፊት ቅማል እንጂ ሐሳብ አላስተናገደም። የፈራሁት ግን ሌላ ነበር፤ ሳትቀበል ብትሞትስ?

ሳምንቱ ረዘመ። በመካከሉ ሠራዊት አለፈ፤ ገብሱን ከነእሸቱ አጭዶ ለፈረስ ሰጠው። ስለዚህ በሁለተኛው እሑድ ጾሙ አልከበደንም፤ ቀድሞውንም የምንበላው አልነበረም። በባዶው ማሳ ዳር ስናልፍ መዳፌን ጨብጣ ያዘች። ለእጄ የሚቀነጠስ ነገር አልተረፈለትም፤ እርሷ ግን አላመነችውም። ሽቅቡ ላይ ሲያቅታት አዘልኳት።

"ከበድኩዎት?"

"በግ ብትሆኚ ገበያ አላወጣሽም፤ ማንም አይገዛሽም።"

ሳቋን ከሳሏ ጋር ጀርባዬ ላይ ሰማሁት።

ሥጋውን ደሙን ተቀበልን። ጠበል ጠጥተን፣ አፋችንን በነጠላ ሸፍነን ወጣንና ከቅጥሩ ሥር ተቀመጥን። እውነቱን ለመናገር አንድ ነገር እጠብቅ ነበር፤ ብርሃን ባይሆን፣ ቢያንስ ለጉልበቴ ፈውስ። ምንም የለም፤ እንቅልፍ ብቻ። ጌታዬ ገብቶ ያገኘው ያንኑ የደከመ ሽማግሌ ነው፤ ያም ሆኖ ተመልሶ አልወጣም።

"አሁንማ ልተው ቢሉም አይሆንልዎም" አለችኝ ከነጠላዋ ሥር።

"አንቺን ነው እርሱን?"

"ዛሬ እንኳ አፍዎ ይረፍ።"

አረፈ። ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ ተኛች። ሳሉ ለጊዜው ተዋት። ሰዉ ሁሉ ወደየቤቱ ሄደ፤ ፀሐዩ ከረረ፤ እኔም ራበኝ። ትከሻዬ ደነዘዘ፤ እንዳትነቃብኝ ብዬ አላንቀሳቀስኩትም።